ከአሸዋው ኮረብታ ያልወረደው ልጅ

ልጅ ሳለሁ የሰማኋቸውን ታሪኮች አብዛኞቹን የሰማሁት አሸዋ በተሞላ የእንጨት ሣጥን ላይ ጎንበስ ብዬ ነው፤ በአንድ እጄ ጣት የምታህል የሸክላ ወታደር፣ በሌላው አምስት የበቆሎ ፍሬ ይዤ። ያኔ ፍኖተ ሰላም ነበርን። አባቴ መምህር ስለሆነ ወደዚያ ሲዛወር እማማ የሺ ከሚባሉ ባልቴት ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን ገባን። መንግሥት ከተለወጠ አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። እማማ የሺ ጌትነት የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ሄዶ ሠራዊቱ ሲበተን አልተመለሰም። ሞቷል ብሎ መርዶ ያመጣላቸው ሰው የለም፤ አለ ብሎ የነገራቸውም የለም።

በየቀኑ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እማማ ከአጥሩ በር ላይ ይቆሙና ፊታቸውን ወደ መንገዱ መልሰው አንድ ጊዜ ብቻ «ጌትነት!» ብለው ይጣራሉ። ድምፃቸው ውስጥ ሐዘን ቢኖርበት ኖሮ ይህን ያህል አልፈራም ነበር። ራት ደርሷልና ግባ የምትል የማንኛዋም እናት ድምፅ ነው። ጥቂት ጆሯቸውን አዘንብለው ይቆዩና ይገባሉ። እኔና ታናሽ ወንድሜ በዚያ ሰዓት ከቤት ንቅንቅ አንልም። አንድ ቀን ከመንገዱ በኩል «አቤት» የሚል ድምፅ ይመጣል ብለን ነበር የምንፈራው።

በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል አያ ስመኝ ይኖር ነበር። እሱም ከዚያው ከተበተነው ጦር ነው፤ አገሩ ቡሬ ገጠር፣ ሥራው የተበላሸ ሬዲዮና የጋዝ ምድጃ መጠገን። ያኔ ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳሰላው አርባ እንኳ አልሞላውም። ሲያወሩት የማይመልስ ዝምተኛ ሰው ነበር፣ ሣጥኑ ላይ ሲጎነበስ ግን አፉ ይፈታል። «አንቱ» ስንለው ይቆጣና «ሣጥኑ ዙሪያ አንቱ የለም» ይለናል። በጦር ማሠልጠኛ የአሸዋ ገበታ የሚባል ነገር እንዳለ የነገረን እሱ ነው። አዛዦቹ ኮረብታውንና ወንዙን በአሸዋ ሠርተው ነገ የሚሆነውን ውጊያ በጠጠር ያሳዩበታል አለን። አያ ስመኝ የሚያሳየን ግን ያለፈውን ነበር። ኮረብታው ሁልጊዜ ያው ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ሦስት ድንጋይ፣ ግርጌው ላይ የደረቀ ወንዝ።

ወታደሮቹን ከላህ ወንዝ ዳር ባመጣነው ጭቃ እንሠራቸዋለን። በጥላ ካደረቅናቸው በኋላ አያ ስመኝ የኩበት ፍም ውስጥ ይቀብራቸዋል፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን ዙሪያውን ቁጢጥ ብለን እንጠብቃለን። ከፍሙ ሥር አልፎ አልፎ ጧ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ተሰነጠቀ ማለት ነው። ከአመዱ ሲወጡ ቀይ የሆኑት የእኔና የወንድሜ፣ የጠቆሩት የእሱ ይሆናሉ። እኛ ኮረብታውን እናጠቃለን፣ የእሱ ሰዎች ደግሞ ከጫፉ ተነሥተው እየተዋጉ ወደ ወንዙ መውረድ አለባቸው። ለሁሉም በመርፌ ጫፍ ዓይን ይወጋላቸዋል፤ አንዱን ብቻ ያለ ዓይን ተወው። ስሙን ስንጠይቀው «ልጁ» አለን፤ ሌላ ስም አልጨመረም።

የጨዋታው ሕጎች በሰማያዊ ደብተር ተጽፈው ነበር፤ ሦስት ናቸው። ወንድሜ የሚወደው የቆጠራ ሕግን ነው። የበቆሎ ፍሬዎቹ አንድ ፊታቸው በከሰል ጠቁሯል፤ ወርውረህ ስንት ጥቁር ወጣ? ያን ያህል ሰው ይወድቃል። ወንድሜ ስድስት ዓመቱ ስለነበር እስከ አምስት መቁጠር መቻሉን ለማሳየት የሚያገኘውን አጋጣሚ አያሳልፍም። ሁለተኛው የጉም ሕግ ነው፤ ኮረብታው በሰፌድ ይሸፈንና ሁላችንም እጃችንን ከሥሩ ሰደን ሰዎቻችንን በዳበሳ እናንቀሳቅሳለን። ይህን ሕግ ከአንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ ወዲህ አልተጫወትነውም። ያን ቀን ደመናው ከመክበዱ የተነሣ በዘጠኝ ሰዓት ኩራዝ አብርተን ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰፌዱን ስናነሣ ጫፉ ላይ ያቆምነው ልጁ ሦስተኛው ድንጋይ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ አገኘነው። ማንም አልነካሁም አለ። ወንድሜ ዛሬም ድረስ ይምላል፤ ውሸታምነቱን አውቃለሁና ዛሬ አላምነውም። ያን ቀን ግን ፊቱን አይቼ አመንሁት።

እኔ የምወደው የስም ሕግን ነበር። በዚህ ሕግ አንድ ወታደር ሲተኮስበት ባለቤቱ ስለ እሱ አንድ እውነተኛ ታሪክ መናገር አለበት፤ ከዚያ ፍሬዎቹ ይወረወራሉ፤ ሦስት ጥቁር ከወጣ ሰውየው ይወድቃል። ታሪክ የሌለው ሳይወረወርለት ይወድቃል። ስለዚህ አያ ስመኝ ሰዎቹን ለማዳን ሲል ያወራልን ነበር። ጥይት የማይፈራው፣ እንቁራሪት ሲያይ ግን ጓደኛው ጀርባ ላይ የሚወጣው የወሎ ሰው። ምስር ወጥ ሲያበስል ስድስት ዓመት ኖሮ ምስር እንዳይበላ የማለው ወጥ ቤት። በየወሩ ለሚስቱ ደብዳቤ የሚያጽፈው፣ ሲነበብለት የሚያለቅሰው፣ መልሶ የሚያስቀድደው ሹፌር። እንስቃለን፣ ፍሬው ይወረወራል፣ ሰውየው ይወድቃል ወይም ይተርፋል። ሌሎቹ አንዳንዴ ይወድቃሉ፣ አንዳንዴ ይተርፋሉ። ልጁ ግን ሦስተኛው ድንጋይ ጋ በደረሰ ቁጥር ይወድቅ ነበር፤ በቆጠራውም፣ በስሙም።

አያ ስመኝ ሕጉን በእርሳስ ማሻሻል ጀመረ። ሁለት ታሪክ የተነገረለት ሰው አራት ጥቁር ካልወጣ አይወድቅም ብሎ ጻፈ። አራት ጥቁር ወጣ። ሦስት ታሪክ ላለው አምስቱም ጥቁር መሆን አለባቸው ብሎ ጻፈ። ያን ቀን እማማ የሺ ከደጃቸው ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይለቅሙ ነበር። አያ ስመኝ ስለ ልጁ ሁለት ታሪክ ተናገረ፤ ጫማውን ተንተርሶ እንደሚተኛ፣ ጨው ሲያገኝ እንደ ሕፃን እንደሚልስ። ሦስተኛው እንዲህ ነበር። «ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልጁ ከምሽጉ ቀና ይልና ማንም ሳይጠራው ‹አቤት!› ይላል። ማን ጠራህ ስንለው እናቴ ይላል። በየቀኑ ነበር። በኋላማ እኛም ለምደነው ሰዓት እናይበት ጀመር።»

የእማማ እጅ ባቄላው ላይ ቆመ። ቀና ብለው አላዩንም። አያ ስመኝ ፍሬዎቹን ወረወረ፤ አምስቱም ጥቁር። 

በማግሥቱ፣ ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ አያ ስመኝ ወደ አባቴ መጣ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የቤት ሥራ እሠራ ነበር።

«መምህር፣ ጌትነት ሲሞት አጠገቡ ነበርሁ» አለ። «እዚህ ግቢ የገባሁት መርዶ ላደርስ ነው።»

አያ ስመኝ ቀጠለ። ብቻውን፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር የደረሰው። መርዶ ደግሞ በቀትር አይነገርም፤ አንድ እንግዳ ሰውም ብቻውን አይናገረውም። ዘመድ ጠይቆ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ሊመጣ አስቦ ነበር ቤቱን አይቶ ለመመለስ ብቅ ያለው። እማማ ግን የወታደር ጫማውን አይተው እግሩን አጠቡት፣ አበሉት። «እንጀራቸውን በልቼ እንዴት ልናገር? ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ፣ ይኸው አራት ዓመት። ትናንት ግን ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ከዚህ በኋላ ዝም ካልሁ ኀጢአት ነው።» አባቴ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ እሑድ ጎህ ሲቀድ ከእሱ ጋር እንደሚገባ ቃል ሰጠው።

እኔ ያኔ አሥር ዓመቴ ነው፤ ጨዋታውና እውነቱ አንድ ገመድ ይመስሉኝ ነበር። ልጁ ከእሑድ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ከኮረብታው ከወረደ፣ ጌትነትም በሆነ ቦታ ይወርዳል፣ መርዶውም ውሸት ይሆናል ብዬ አመንሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ከእናቴ ማዳበሪያ ጆንያ አምስት ነጭ በቆሎ መርጬ፣ አንዱንም በከሰል ሳልነካ፣ የጠቆሩትን ከሚቋጠሩበት ጨርቅ አንሥቼ በቦታቸው አስቀመጥኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ሦስተኛው ድንጋይ ጋ ሲደርስ አንድ ጥላ ሣጥኑ ላይ አረፈ። እማማ የሺ ናቸው። ወደ ሣጥኑ ቀርበው አያውቁም ነበር። «የዛሬውን እኔ ልወርውርለት» አሉ። አያ ስመኝ እምቢ ማለት አቃተው። ፍሬዎቹን ከጨርቁ አወጡ፣ በሁለት መዳፋቸው መካከል ለረጅም ጊዜ አሹ፣ ለቀቁ። አምስቱም ነጭ። ቀጥለው ልጁን በገዛ ጣቶቻቸው ይዘው ከሦስተኛው ድንጋይ አሳለፉና ደረቁን ወንዝ አሻገሩት። «ወረደ» አሉ። አያ ስመኝ ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው ወደ አባቴ ሄዶ «ነገ አይሆንም፤ እንዲህ ደስ ብሏቸው አልችልም» ሲለው ሰማሁ። እኔ አሸንፌያለሁ። ደስታው ግን እስኪመሽ እንኳ አልቆየልኝም።

ጀምበር ጠለቀች፤ እማማ ግን ከበሩ ላይ አልቆሙም። ጥሪ የሌለበት ያ ዝምታ ከጥሪው የባሰ አስፈራኝ። ሣጥኑን ሳይ ልጁ የለም። ወደ እማማ ቤት ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የኩራዙ ብርሃን የጌትነት አልጋ ነው በሚባለው፣ ማንም በማይተኛበት አልጋ ላይ ወድቋል። አልጋው በታጠበ ጋቢ ተነጥፏል። ትራሱ መካከል ዓይን የሌለው ሸክላ ተጋድሟል፤ እስከ አገጩ ድረስ ተሸፍኗል። እማማ አጠገቡ ተቀምጠዋል።

«ቀስ በይ» አሉኝ፣ «ተኝቷል።»

አሳበድኋቸው ብዬ አለቀስሁ። ፍሬዎቹን ነጭ ያደረግሁት እኔ እንደሆንሁ ተናዘዝሁ። እማማ መዳፋቸውን ዘርግተው ወደ ኩራዙ አስጠጉት።

«አውቄያለሁ ልጄ። ከሰል የነካው ነገር እጅ ያጠቁራል። ይኸው፣ ንጹሕ ነው።» እጃቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ስመኝ ምን ይዞ እንደመጣም በመጣበት ቀን አውቄያለሁ። መርዶ የያዘ ሰው ዓይኑ ከእናት ዓይን ይሸሻል።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁትም?»

«ብጠይቀው ይነግረኛላ።» ጋቢውን ሸክላው ላይ አስተካከሉ። «አንድ ቀን እንኳ ከአልጋው ይደርልኝ ብዬ ነው። አባትሽ ሽማግሌ ሲያሰባስብ ሰምቻለሁ፤ በይ ንገሪው፣ ነገ ጎህ ሲቀድ እንዳሰቡት ይምጡ። ማወቄን ግን ስመኝ እንዳይሰማ። ሰውየው የተሸከመውን በወጉ ያውርድ።»

መጡ። አያ ስመኝ ተናገረ። ያወቁትን ነገር ሲነግሯቸው እንዴት አድርገው ያስመስላሉ እያልሁ ከቤታችን መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ስጠብቅ የሰማሁት ጩኸት ግን ማስመሰል አልነበረም። አራት ዓመት ታምቆ የቆየው ሁሉ ነው በአንድ ጊዜ የወጣው። ያን ዕለት ጠዋት ማወቅና መስማት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ገባኝ።

ለቅሶው በሰባተኛ ቀኑ ቀለል ሲል እማማ ጥቁር ነጠላቸውን እንዳጣፉ አያ ስመኝን ጠሩት።

«እናት አለህ?»

«አለች፤ ቡሬ።»

«መኖርህን ታውቃለች?»

መሬት መሬት እያየ «የእርስዎን መርዶ ሳላደርስ የእኔዋን ማስደሰት ከበደኝ» አለ። ቡሬ ከእኛ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። እማማ ፊታቸውን ነጩ፤ የተናደዱ ነበር የሚመስሉት። «አንተ ክፉ ልጅ! ተነሥ!» አሉና ሐዘንተኛ ከቤቱ በማይወጣበት ሳምንት መናኸሪያ ድረስ እጁን ይዘው ሄዱ።

በማግሥቱ ብቻቸውን ተመለሱ። እናቴ እግራቸውን እያጠበች፣ እኔ ከጎን ቆሜ፣ የሆነውን ነገሩን። የአያ ስመኝ እናት ከደጇ ላይ እህል አስጥታ እየጠበቀች ነበር። ቀና ስትል ጥቁር የለበሰች የማታውቃት ሴት ወደ ቤቷ ስትመጣ አየች። ያኔ ፀጉሯን ይዛ መጮህ ጀመረች።

«ልጇ ከኋላዬ ቆሟል» አሉ እማማ። «እሷ ጥቁሬን ነው የምታየው። የምሥራች! እላታለሁ፣ አትሰማኝም። ልጅሽ ነው! እላታለሁ፣ ደረቷን ትደቃለች። መርዶ ይዤባት የመጣሁ ነው የመሰላት።»

«ከዚያስ?» አለች እናቴ።

«ነጠላዬን ከላዬ ገፍፌ ጣልሁታ። ያኔ አየችው።»

እኔ ከመጠየቅ የማልመለስ ልጅ ስለነበርሁ «አልቀኑም እማማ?» ብዬ ጠየቅሁ። እናቴ በዓይኗ ልትበላኝ ደረሰች። እማማ ግን ጥያቄውን እንደ ቁም ነገር ወስደው ትንሽ አሰቡ።

«ቀናሁ እንጂ! እንዴት አልቀና? እስክሞት እቀናለሁ። ግን አምጥቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

ያኔ የሰማኋቸውን ታሪኮች አብዛኞቹን ረስቻለሁ፤ ሕጎቹም ቢሆኑ እየተቀላቀሉብኝ ነው። የልጃቸው መርዶ ከተነገራቸው ገና ሳምንት የሆናቸው ሴትዮ፣ ቡሬ ገጠር የሰው ደጅ ላይ፣ ራሳቸውን ገልጠው «የምሥራች!» እያሉ ሲጮሁ ግን በዓይኔ ሳላየው አየዋለሁ። የምትሰማቸው እስክታገኝ ድረስ ስንት ጊዜ እንደጮሁ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ፤ እሱ ይቆጨኛል።