ያልተከፈተው ኪቦርድ

«ኪቦርዱ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የተጠቃሚው ጣት ነው።»

የቢሯችን የጥገና ባለሙያ ዛሬ በጥገና መጠየቂያ ቅጼ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ።

አንድ ፊደል ስነካ አምስት ጊዜ ይደግማል። ገልብጬ አራገፍኩት፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት፤ ያው ነው። ከጎረቤት ቢሮ በተዋስኩት ኪቦርድ ግን ይኸው ጣቴ ሁለት መስመር ያለ ስህተት ጻፈ፤ የኪቦርዱ ባለቤት ወዲያው መልሳ ወሰደችው እንጂ።

«ለምን ከፍተህ አታየውም?» አልኩት ባለሙያውን።

«ጋሼ፣ የንብረት ቁጥሩ ብሎኑ ላይ ተለጥፏል። ብቀደው ማን ሊጠየቅልኝ ነው?»

ለካ ጥገና ማለት የተለጠፈ ወረቀት እንዳይቀደድ መጠበቅ ኖሯል።

ከካምባ ወረዳ የመጣችው የቀድሞ ተማሪዬ ለሥራ የምታመለክትበት የመጨረሻ ቀን ዛሬ ስለነበር፣ የድጋፍ ደብዳቤዋን በእጄ ጽፌ ሰጠኋት። በእጅ የተጻፈ አንቀበልም ቢሏትስ? ደክሞኛል።

እናንተ ቢሮስ እንዲህ ታሽጎ የሚበላሽ ዕቃ አለ? ጻፉልኝ። የጥገና ክፍሉ ደግሞ ጣቴን በምን እንደመረመረው እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት በጽሑፍ ይመልስልኝ።