የፊደል ለቃሚው መልስ

የሌላ ሰው ፋይል የሰጡኝ መስሎኝ መጀመሪያ ተቆጣሁ። ቁጣ እንደሆነ ለኔ ቅርብ ነው። ሃያ ዓመት የሰው ፀጉር ስሠራ ኖሬ ትዕግስቴ እዚያው ማድረቂያው ሥር አልቋል።

«እማማ፣ ይሄ የኔ አያት አይደለም» አልኳቸው። «የኔ አያት ፊደል ለቃሚ ነበር። ለጋዜጣ፣ ለመጽሐፍ የእርሳስ ፊደል አንድ ባንድ እየለቀመ ሲደረድር የኖረ ሰው እንዴት ብሎ በጣት ይፈርማል?»

ማተሚያ ቤቱ አሮጌ መጋዘኑን ሊያፈርስ ስለሆነ የድሮ ሠራተኞችን ፋይል ቤተሰብ ይውሰድ ብሎ ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ፋይሉን የሰጡኝ አሮጊትም ድሮ እዚያው ይሠሩ ስለነበር ለዚሁ ሥራ ከጡረታ የተጠሩ ናቸው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ሳብ አድርገው አዩኝ።

«ፎቶውን እዪው እስቲ።»

አየሁት። የአባቴ ጆሮ፣ የኔ ግንባር። ወይ ጉዴ! የቅጥሩ ወረቀት፣ ጣት። የዓመት ፈቃዱ፣ ጣት። አዲስ ቱታ የተረከበበት ሳይቀር ሐምራዊ ጣት። ክው ብዬ ቀረሁ።

ለምን እንዲህ እንደደነገጥኩ እንዲገባችሁ አባቴን ማወቅ አለባችሁ። አባዬ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። በወጣትነቱ ከቤት ርቆ ሄዶ ማንበብ የማይችሉ ትልልቅ ሰዎችን ፊደል ያስቆጥር ነበር። ከዚያ ሆኖ ለአባቱ ሰባት ደብዳቤ በማተሚያ ቤቱ አድራሻ ላከ፤ አንድም መልስ አላገኘ። «ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሲለቅም ይውላል፣ ለልጁ አንድ መስመር ነፈገ!» ይላል እስከ ዛሬ። ቂሙ የዋዛ አይደለም። አባቱ ሲሞት ቀብር አልቆመም። ቤታችን ውስጥ የአያቴ ፎቶ የለም። አሁን አባዬ ልቡ ደክሟል፤ ሐኪሙም አልደበቀኝም። ያንን ቂም ይዞ እንዳይሄድብኝ ስለ አያቴ አንድ ደግ ነገር ባገኝለት ብዬ ነው ሳልነግረው የመጣሁት። ያገኘሁት ጣት ሆኖ አረፈው!

«አያቴ ቤት ሲገባ ጋዜጣውን ለአባዬ እየሰጠ ‹ዓይኔ ፊደል ሲያይ ውሎ ደክሟል፣ አንተ አንብብ› ይለው ነበር እኮ» አልኳቸው።

«እሱማ ምን ይበሉ» አሉ አሮጊቷ። «እዚህ የገቡት መጥረጊያ ይዘው ነው። የታተመበትን ፊደል ወደየሳጥኑ ሲመልሱ፣ ሲመልሱ ቅርጹን በዓይናቸው አጠኑት። ድምጹን አያውቁም። ወረቀቱን እያዩ ያንኑ መሳይ ይለቅማሉ፣ በቃ። የሚያነበው ሰው ይገምታል፣ ሲገምት ይሳሳታል። እሳቸው ምኑን ይገምታሉ? ‹እንከን የለሽ› ነበር የምንላቸው። ምስጢሩን የሚያውቀው አለቃው ብቻ ነበር፤ እኔም የገባኝ ኋላ ነው።»

ከሐምራዊዎቹ ጣቶች ሥር ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለ። «የማተሚያ ቤቱን ፊደልና ወረቀት ለግል ጉዳይ በማዋል» ይላል። ከመጀመሪያው ጀርባ ማስረጃ ተብሎ የታተመ ወረቀት ተያይዟል። «ይድረስ ለተከበሩ ወላጅ አባቴ» ብሎ ይጀምራል። ከታች የአባዬ ስም።

የአባዬ ደብዳቤ! በእርሳስ ፊደል ተለቅሞ! የወረቀት ክምር ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምን ነክቶት ነው የልጁን ደብዳቤ የሚያትመው?»

«ያነበብኩት እኔ ነኝ» አሉ አሮጊቷ። «ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። የተለቀመ ነገር ሁሉ መጀመሪያ እርማት ክፍል ይመጣል። እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ አራሚው ከዋናው ጋር ያስተያያል። አያትሽ ደብዳቤውን ለቅመው ከጋዜጣው ገጾች መሃል ጣል ያደርጉታል። ከዚያ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ። እኔ አንባቢ ለጋዜጣው የጻፈው መስሎኝ አነበንባለሁ።»

«‹አንብቢልኝ› ቢል ምን ነበረበት?» ተናደድኩ። ማን ላይ እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

አሮጊቷ ጣታቸውን አንዱ መስመር ላይ አሳረፉ። የሃያ ዓመቱ አባቴ እንዲህ ብሏል፦ «ፊደል የማይለይ ሰው በቁሙ የሞተ ነው። እርስዎን የመሰለ አባት ስላለኝ በሰው ፊት እኮራለሁ።»

«እዚህ ጋ ስደርስ ቀና አልኩ። በሩ ላይ አልነበሩም» አሉ። «ከዚያ ወዲያ እንዴት ብለው ያውጡት? የሆዳቸውን በሆዳቸው ይዘው ኖሩ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ ያንን ልጅ በዓይኔ ብፈልገው፣ ብፈልገው አጣሁት።»

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ጀርባ ያለው ወረቀት አጭር ነው። አለቃው ጠርዙ ላይ በእጁ ጽፎበታል፦ «ሊልከው ሲያጥፈው ተያዘ። ሲጠየቅ ‹ለልጄ መልስ ነው› አለ። ትርጉም የለውም።»

መልስ! አንብቤው አፌን በእጄ ያዝኩ። አያቴ የልጁ ደብዳቤ ሲነበብ የትኛው መስመር ምን እንደሚል በጆሮው ይዞ ኖሯል። የሚያውቀው እነዚያን መስመሮች ብቻ ነው፤ መልስ ብሎ እነዚያኑ ለቀመ። ቀጥሎ ያለው ወረቀት «ከፊደል ለቀማ ወደ ጽዳት ተዛውሯል» ይላል። እሱም ላይ ጣት።

አባዬ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት። «ውሸት ነው» አለ። ወረቀቶቹ ላይ ያሉትን ጣቶች አሳየሁት። አንድ ባንድ አገላበጣቸው።

«የሰውን አባት ፊደል ሳስቆጥር…» አለና ተወው።

መልሱን ሰጠሁት። አባዬ የታተመ ወረቀት ሲይዝ እጁ ሳያስበው ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሱ ያወጣል፤ የሰርግ ጥሪ እንኳ ሳያርም አይቀበልም። አሁንም አወጣው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ይድረስ ለተከበሩ ወላጅ አባቴ። እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። እጅግ ናፍቀውኛል። መልስዎን እጠባበቃለሁ። ልጅዎ።»

«ይሄ እኮ የኔ ነው።»

«አይደለም አባዬ፣ የሱ መልስ ነው። ሌላ ቃል አያውቅም ነበር።»

እስክሪብቶው «አባቴ» የሚለው ላይ ቆመ። ሰርዞ «ልጄ» ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ። እንባው ወረቀቱ ላይ ሲወርድ በእጅጌው ጠረገው፣ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመ።

«ስህተት የለበትም» አለ።

ቆየና ብርድ ልብሱን ገፈፈው። «እኚያ ሴትዮ ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ ብለዋል አይደል?»

«ብለዋል።»

«እንግዲያ መቃብሩን ያውቁታል። ጫማዬን አምጪልኝ።»