ሁለት ሊትር የምትሰጠው ላም

ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ የራሱን ሕመም ያጋንናል፤ የላሙን ግን ይደብቃል። ይህችን ለመማር ሃያ ዓመት ሙሉ የአቃቂን ጭቃ ረግጫለሁ። ጭቃው ያስቀረብኝ ቦት ጫማ ቢሰበሰብ አንድ ሻለቃ ጦር ያስታጥቃል።

አንድ ጠዋት አቃቂ በሰቃ፣ ብረት ሠሪዎቹ ሰፈር ተጠራሁ። የጠሩኝ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። ያለቻቸው አንዲት የፈረንጅ ላም ነች፤ ቤቱ የቆመው በግድግዳው ሳይሆን በእሷ ጡት ነው። ስደርስ ላሟ አንገቷን ወደ ጎኗ ቆልምማ ግቢው ውስጥ ተኝታለች። ብርድ ልብስ ተደርቦባታል፤ በርዷት ሳይሆን የሰው ዓይን እንዳያርፍባት ነው። ጎረቤታቸው የሆኑ አንድ ሽማግሌ በያጅ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አጠገቧ ቆመዋል።

ጆሮዋን ስነካው እንደ ቧንቧ ብረት ቀዝቅዟል። አፍንጫዋ ደርቋል። ይህን ያየ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እንኳ «የአራስ ላም በሽታ ነው» ይላል፤ በወለደች ሰሞን ወተቷ የበዛ ላም የሚጥል ሕመም ነው። እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት መቼ እንደወለደች ነው።

«ወር አልፏታል» አሉኝ እማማ።

ወተቷንም ጠየቅኳቸው። በቀን ሁለት ሊትር ከሰጠች ትልቅ ነገር ነው፣ እሷ እንዲያው ለስሟ ላም ተባለች እንጂ አሉኝ። ሁለት ሊትር የምትሰጥ፣ ከወለደች ወር ያለፋት ላም በወተት ብዛት አትወድቅም። ስለዚህ ወደ ሽቦ ዞርኩ። በዚያ ሰፈር ላሞች ሳር ከመጋጥ ይልቅ ሽቦ መዋጥ ይቀናቸዋል። እኔ ከላም ሆድ ያወጣሁት ሚስማር ብቻውን የኮዬ ፈጬን ኮንዶሚኒየም እንደገና ይገነባል።

ልቧን ለመስማት ጎንበስ አልኩ። ችግሩ፣ ከመኝታ ቤት ሙት የሚቀሰቅስ የቴሌቪዥን ድምፅ ይመጣል። ልቧ ከሩቅ፣ በጣም ደክሞ ተሰማኝ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ሽቦው ከሆዷ አልፎ ልቧ ጋ ደርሷል ብዬ ፈረድኩ። ተስፋ የላትም፣ ሳትሞት ሥጋ ቤት ይጠሩ አልኳቸው። በያጁ ከሽቦው ውስጥ አንዲት ስንዝር እንኳ ከእሳቸው ቤት እንዳልወጣች ይምሉ ጀመር። እማማ ግን ብርድ ልብሱን ወደ ላሟ አንገት ሳብ አደረጉና አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ያን ጊዜ መብራት ጠፋ።

ቴሌቪዥኑ ዝም አለ። ሰፈሩ ዝም አለ። ከመኝታ ቤት አንድ ጥጃ፣ «እምቧ» አለ።

እማማ ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲያልቅ ጥጃው ደገመ።

«የጎረቤት ነው» አሉ።

«ጎረቤትዎ እኔ ነኝ» አሉ በያጁ። «እኔ እንኳን ጥጃ፣ ዶሮም የለኝ።»

የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ገለጥ ሳደርግ ጥጃው አልጋው ሥር ተኝቷል፤ እትብቱ ገና አልደረቀም። ተመልሼ እማማ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

«እማማ፣ ላሟን ላድናት እችላለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ እንጂ።»

«ትናንት ከሰዓት ነው የወለደችው» አሉ።

«ወተቷስ?»

እማማ ጎረቤታቸውን ተመለከቱ። በያጁ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ሁለት ጆሯቸውን በጣታቸው ደፈኑ። እማማ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «አምና ሃያ ሁለት ነበር። ዘንድሮ ይብሳል መሰለኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ሥራ ነው፤ በሥራዬ ደግሞ አልታማም። ወተቱ ከደሟ ውስጥ ካልሲየሙን ጠራርጎ ወስዶታል፤ ጡንቻዋም ልቧም የደከመው ለዚህ ነው። የካልሲየሙን ጠርሙስ ብብቴ ሥር አሞቅኩትና በአንገቷ ደም ሥር ቀስ እያልኩ ለቀቅኩላት። ይህ መድኃኒት ከቸኮሉበት ልብ ያቆማል። አንድ እጄ ጠርሙሱን፣ አንድ ጆሮዬ ልቧን ይዟል። መብራቱ በመጥፋቱ አሁን ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ቴሌቪዥኑን አጥፉልኝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ለእማማም ስህተቴን ነገርኳቸው።

ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል ላሟ ተንቀጠቀጠች። አገሳች። እበት ጣለች፤ ያን እበት በማየቴ የተደሰትኩትን ያህል በሠርጌ ቀን አልተደሰትኩም። ቀጥሎ የኋላ እግሯን ሰበሰበችና ብርድ ልብሷን እንደ ካባ ደርባ ቆመች። እማማ ግንባራቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉ። ለሁለት ቀን ጡቷን አሟጥጠው እንዳያልቡ አስጠነቀቅኳቸውና ዕቃዬን ሰበሰብኩ።

በሩ ላይ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ይጠብቃል። ምን ነክቷት ነው አሉኝ። ጉንፋን ቢጤ ነው አልኩ። አንዷ ጎረቤት ግን በቀላሉ የምትለቅ አይደለችም።

«ለመሆኑ ዶክተር፣ ስንት ትሰጣለች?»

እማማ ከኋላዬ ልብሴን ሳብ አደረጉ።

«ሁለት ሊትር» አልኩ፣ እንደ ዳኛ ኮስተር ብዬ።

«ኧረ ሁለትም አትሞላ» አሉ እማማ።