በፌስታል የሚያያዝ ከሰል

የዚያን ቀን፣ በሰው አገር የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እኔ፣ የአራት ዓመት ልጄ፣ በር ላይ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሶማሌ ጎረቤቴና የማን እንደሆነች የማትታወቅ አንዲት ፍየል ነን። ባለቤቴ ወደብ ሥራ ላይ ነበር።

ጎረቤቴን ኤዶ እላታለሁ፤ በእነሱ አክስት ማለት ነው። አማርኛ የለመደችው ድሬዳዋ ነው። ቀትር ላይ ጫት ሲገባ የተጠቀለለበት ፌስታል በየመንገዱ ይጣላል። ነፋሱ ግማሹን ወደ ባሕር ይወስደዋል። የቀረውን ኤዶ ትሰበስብና ከከሰሉ ሥር ትጎሰጉሰዋለች። ክብሪት ስትጭርበት ወዲያው ይያያዛል። ጭሱ ጥቁር ነው።

የልጄ ደረት ጭስ አይችልም። ያን ቀን ትንፋሽ አጠራት፤ ከንፈሯ ጠቆረ። አቅፌያት ወደ መንገድ ሮጥኩ። ትንፋሿ ሲመለስ ይዣት ገባሁ። ኤዶ እየሳለች ሳምቡሳ ታገላብጣለች።

“ኤዶ፣ በፈጠረሽ ፌስታሉን ተይው። ልጄን ልትገድይብኝ ነው።”

“አቦ፣ ታዲያ ከሰሉን በምን ላያይዘው? በጸሎት?” አለች። “እኔ ባላቃጥለው ፍየሏ ትበላዋለች። እሷ ብትተወው ባሕር ይገባል፤ ዓሣ ይበላዋል፤ ዓሣውን ደግሞ አንቺ ትበያለሽ። ምረጪ።”

“አንቺም እኮ እየሳልሽ ነው።”

“የኔ ሳል ለምዶኛል።”

በማግስቱ ባለሱቁን ካርቶን ለምኜ ምድጃዋ አጠገብ አኖርኩላት። ፍየሏ በላችው። ሌላ አምጥቼ አልጋዬ ሥር ደበቅኩ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሰዓት እየወጣሁ ከሰሏን በካርቶን የማያይዘው እኔ ሆንኩ። እሳቱ አልይዝ ሲል ኤዶ በርጩማዋ ላይ ተደላድላ ለደንበኞቿ “ሠራተኛዬ ሰነፍ ናት” ትላለች። ልጄ ማታ ደረቷ ሳያፏጭ መተኛት ጀመረች። እኔም ሰነፍ መባሉን ተቀበልኩ።

በኋላ አርሂባ የሚባል ሰፈር ቤት አግኝተን ተዛወርን። ስንሄድ ለኤዶ የካርቶን ክምር ተውኩላት፤ ከፍየሏ እንድትጠብቀውም አስጠነቀቅኳት። ሌላ ጊዜ ልጠይቃት ብሄድ በሩ ላይ የስልክ ካርድ የምትሸጥ ልጅ ተቀምጣለች።

“ድሬዳዋ ሄደች መሰለኝ” አለችኝ።

ፍየሏ ግን አለች።

የልጄ ደረት አሁን ደህና ነው። የኤዶ ሳል እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ሳምቡሳ የምትጠብስ፣ ስትስቅ ሳል የሚያቋርጣት ሶማሌ ሴት ድሬዳዋ ያያችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንዳለችና ከሰሏን በምን እንደምታያይዝ እባካችሁ ንገሩኝ።