ዝናብ ይቆይልኝ ያለው ሰዓሊ

ወልደ ጻድቅ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ እዚሁ ደሃና ውስጥ ጥማድ በሬ የነበራቸው ገበሬ ናቸው። በሬዎቹ በየተራ ሲሞቱ እናቱ የቀንበሩን ጠፍር ዘፍዝፋ እየቀቀለች ለልጆቿ አበላች። ጠፍሩም ሲያልቅ ቤቱን ዘግተው ወደ ቆረም ተነሡ። አባቱና ታናሽ እህቱ መንገድ ላይ ቀሩ። እሱና እናቱ መጠለያው ደረሱ። እዚያ የሚታደለው ዘይት ቆርቆሮው ላይ አንድ ትልቅ ቢጫ አበባ ተሥሎበታል። ልጁ እንዲህ ያለ አበባ በአገሩ አይቶ አያውቅም፤ በዙሪያውም ያኔ የሣር ዘር አልነበረም። ከሰል ፈልጎ አበባውን ከቆርቆሮው ላይ ወደ ድንኳኑ ሸራ ገለበጠው። ዘበኛው ሸራ አበላሸህ ብሎ ሲቆጣ እናቱ፣ ተዉት፣ እጁ ተንቀሳቀሰ እኮ አለች። ከዚያ በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝንብ እንኳ ከፊቱ አላባረረም ነበር።

ሲያድግ ሰቆጣ ወርዶ ከአንድ ሽማግሌ ዘንድ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተማረ። ዛሬ ሃምሳ ዓመት ሆኖታል። ግማሹን ዓመት ያርሳል፣ ግማሹን ይሥላል።

እኔ ጎረቤቱ ነኝ። ፊደል የለየሁት አርባ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ከልጄ ደብተር ላይ ለቀምኩት። ከዚያ ወዲህ ሰቆጣ ደርሶ እጄ ሳይገባ የቀረ መጽሐፍ ጥቂት ነው። በነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ተራራና ወንዝ ወይ እንደ ሙሽራ ይሞገሳል፣ ወይ እንደ ጠላት ይረገማል። ሁለቱም ከመስኮት ሆኖ የታየ ይመስለኛል። የሚያርስ ሰው መሬቱን አያሞግስም፣ አይረግምም፤ እንደተቀየመች አማት ፊቷን እያየ ይውላል እንጂ። የወልደ ጻድቅን ሥዕል የወደድኩት ለዚህ ነው። እሱ የሚሥላቸው ሰዎች ሁሉ፣ ቅዱሳኑም ሳይቀሩ፣ ዓይናቸው ወደ ሰማዩ ጥግ ነው። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «ደመና እያዩ ነዋ፣ አያ ቢያዝን» አለኝ።

ባለፈው ሰኔ የአቦ ቤተ ክርስቲያናችን ይታደስ ነበር። ቄሰ ገበዝ ገብረ አምላክ በሴቶች በኩል ባለው ግድግዳ ላይ የኖኅን ዘመን የጥፋት ውሃ እንዲሥል አዘዙት። ሥዕሉ የሚያርፍበትን አቡጀዴ ግድግዳው ላይ በሙጫ የለጠፈው ሰኔ ሦስት ቀን ነው። ሙጫ እርጥበት አይወድም፤ ሰዓሊ ሁሉ ሥራውን ክረምት ሳይገባ የሚጨርሰው ለዚህ ነው። እሱ ግን ዘግይቷል። ስለዚህ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «አባ፣ ዝናቡ አንድ ሳምንት ብቻ እንዲቆይልኝ ጸልዩልኝ» አለ። ሰው ሳቀ። ቄሰ ገበዙም እየሳቁ ባረኩት።

ዝናቡ ቆየ። አንድ ሳምንት ቆየ፣ ሁለት ቆየ፣ አምስተኛው ገባ። ሙጫው እንደ ድንጋይ ደረቀ፤ ቀለሙም አማረ። በደረቁ የዘራነው ገብስ ግን አፈር ውስጥ እንደተኛ ቀረ፤ ጉንዳን እየለቀመ ያወጣው ጀመር።

ምንዋጋው የሚባል ቀልደኛ ጎረቤት አለን። መጀመሪያ ላይ ለሳቅ ብሎ፣ «ሰዓሊው፣ ጨርቅህ ከደረቀልህ ሰማዩን ፍታልን» አለው። በአራተኛው ሳምንት ያንኑ ሲደግመው የሳቀ ሰው አልነበረም።

ወልደ ጻድቅን ያስጨነቀው ግን የሰው አፍ አይደለም፤ ልጁ ባንቺ ናት። የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ቀለም የምትበጠብጥለትም እሷ ናት። ጓደኛዋ ፍቅርአዲስ በጅቡቲ በኩል ባሕር ለመሻገር ከሄደች ዓመት አለፋት፤ ድምጿ አልተሰማም። ባንቺ ይህን እያወቀች ለአባቷ ቁርጡን ነገረችው። እስከ ሐምሌ ገብርኤል ቡቃያ ካልታየ ሰቆጣ ካለው ደላላ ጋር ትሄዳለች። እሱም አልተከራከራትም። ምን ይበላት? ጠዋት ጠዋት በአጥሬ አጠገብ ሲያልፍ ይቆምና ምሥራቁን ያያል፤ ከዚያ በጣቱ ቀን ይቆጥራል። ሰላም ስለው አይሰማኝም።

ሐምሌ ዘጠኝ ቀን እማሆይ ጥሩሐረግ ሊሳለሙ ገብተው ግድግዳውን አዩት። ሥዕሉ ግማሽ ደርሷል። ውሃው ቤቱን ውጦታል፤ ሰውና ከብት ተገለባብጦ ይሰምጣል። አሮጊቷ ቁጣቸውን በኽምጣኛ ጀመሩና በአማርኛ ቀጠሉ።

«ልጄ፣ በዚህ አገር ውሃ የፈጀው ሰው ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ እማሆይ።»

«ውሃ አጥቶ ያለቀስ?»

ይህን ለእሱ መንገር አያስፈልግም።

«ታዲያ ውሃን ለምን ታማዋለህ? የታማ እንግዳ ተመልሶ ይመጣል?»

ቄሰ ገበዙ መጽሐፉ የሚለው ይኸው ነው ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ። እማሆይም መጽሐፉ የተጻፈው ውሃ በጠገበ አገር ይሆናል ብለዋቸው ወጡ። ወልደ ጻድቅ ያን ቀን ብሩሽ አላነሣም።

በማግስቱ ምህላ ተያዘ። ሰው ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበርክኳል። ወልደ ጻድቅ ከመካከል ተነሥቶ፣ ዝናቡ ይቆይልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለአንድ ጨርቅ ብዬ ነው፣ ይቅር በሉኝ አለ። ባንቺ ከሴቶቹ መካከል፣ ከእናቷ አጠገብ፣ አንገቷን ደፋች። ምንዋጋው ቀና ብሎ፣ «ሰማይ አንተን የሚሰማ ቢሆን ሚስትህ እስካሁን ትሰማህ ነበር፤ ቁጭ በል» አለው። ከድንጋዩ ሥር ጥቂቶች ሳቁ። ብዙዎቹ አልሳቁም።

ከዚህ በኋላ ደግሞ ጣሪያ ሠሪዎቹ ድርቁን አመኑት። በደቡብ፣ በሴቶቹ በኩል ያለውን የሣር ክዳን አነሡ፤ ቆርቆሮውን ሳይመቱ ለሌላ ሥራ ሄዱ። ወልደ ጻድቅ ግድግዳውን በላስቲክ ሸፍኖ ከሥሩ እየገባ መሥራቱን ቀጠለ።

ሐምሌ አሥራ ስድስት ከሰዓት በኋላ የሆነውን የነገረችኝ ባንቺ ናት። ልብሷን ቋጥራ ጨርሳለች። ቀለም ልታቀብለው ገብታ ሳለ ነፋሱ ዞረ፤ ላስቲኩን ገንጥሎ ወሰደው። ዝናቡ በተከፈተው ጣሪያ በኩል ግድግዳው ላይ ወረደ። አቡጀዴው ከላይ ጀምሮ ማበጥ ያዘ። ባንቺ ነጠላዋን አውልቃ ልትሸፍነው እየዘለለች፣ «አባዬ፣ ያዝልኝ እንጂ፤ ዝናቡን ትንሽ ቆይ በለው» አለችው።

እሱ ሁለት እጁን አፉ ላይ ጫነ። ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ ከግድግዳው ራቀ፣ በሩን አልፎ ግቢው ውስጥ ቆመ። እሷም ተከተለችው። ከኋላቸው ጨርቁ ተልጦ ሲወድቅ ተሰማቸው። አንድ ሰዓት ያህል እዚያው ቆሙ። ዝናቡ ሲያባራ ሮጦ ማሳው ሄደና አፈሩን በጣቱ ጫረ። እርጥበቱ ስንዝር ገብቷል።

ለገብስ ጊዜው አልፎ ነበር፤ ለጤፍ ግን ተረፈ። ባንቺ ቋጠሮዋን ፈትታ ከአባቷ ጋር ዘራች። እስከ አጨዳ እቆያለሁ አለች እንጂ አልሄድም አላለችም። ይህን የምጽፈው መስከረም ውስጥ ነው፤ ጤፉ አልከፋም፣ ደላላውም መደወሉን አልተወም። የባንቺ ስልክ በጮኸ ቁጥር ወልደ ጻድቅ የያዘውን ያስቀምጣል።

ግድግዳው ባዶውን ነው። በጋ ሲገባ ምን እንደሚሥልበት ቢጠየቅ፣ ኖኅ ከመርከቡ ወርዶ አፈሩ ምን ያህል እንደራሰ ሲለካ ብሏል። ቄሰ ገበዙ እንዲህ ያለ ሥዕል የትም አላዩምና እያሰቡበት ናቸው።

በቀደም፣ በዕድሜህ ከሠራኸው ሁሉ የትኛው ይበልጥብሃል አልኩት። አንዱን ግድግዳ ይጠራልኛል ብዬ ነበር።

«አያ ቢያዝን፣ ሥዕልማ ሲላጥ እንደገና ይሠራል» አለኝ። «ለእኔ የበለጠብኝ ባንቺ ያን ቀን አብራኝ መበስበሷ ነው። ግቢ አላልኳትም፤ እሷም ልግባ አላለችም። ሁለታችንም አንድ ሰማይ አየን። ነገ ብትሄድ እንኳ ያን ቀን እዚህ ነበረች።»