የባለቤቴ ጉንጭና ኩላሊቱ

ምግብ ቤት የከፈተች ሴት ባሏ ከከሳ ማስታወቂያዋ ሞተ ማለት ነው። እኔ ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ማንያታ ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ጥብሴ የታወቀ ነው። ባለቤቴ ግን የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ኢሲዮሎ ከተማ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል። ደንበኞቼ ደግሞ አፍ አላቸው። «ማማ፣ የራስሽን ሰው ሳታጠግቢ እኛን ልታጠግቢ ነው?» ይሉኛል። አብሬ እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ያራል።

በዚያ ላይ ጉልበቴ አላስቆም አለኝ። ገበያው አጠገብ መድኃኒት የሚሸጥ ሰውዬ አለ፣ ሁላችንም «ዳክታሪ» የምንለው። ምን እንደተማረ ጠይቀን አናውቅም፤ ነጭ ጋውን ለብሷል፣ ሌላ ምን ቀረው! ከሁለት ትልልቅ ቆርቆሮ ኪኒን እየቆጠረ በደብተር ወረቀት ይጠቀልላል። ስም የለው፣ ቀን የለው። «ጠዋት አንድ ነጭ፣ አንድ ቢጫ» አለኝ፤ አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ከገበያ እስከ ቤቴ ሳላርፍ ተመለስኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጉንጬ ሞላ። ወይ ጉድ! ከሄሉ ሰፈር የመጣውም ከጎዶማ ሰፈር የመጣውም «ተስማማሽ! ቱ ቱ፣ ከዓይን ያውጣሽ!» ይለኛል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እኛ ዘንድ ሰው ፊቱ ከሞላ ጤነኛ ነው፣ ገንዘብም አለው፣ ሚስቱም ደግ ናት፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ታዲያ ለባለቤቴ ምን ቆርጦኝ እነፍገዋለሁ? ወገቡን ያመው ነበር። በየጠዋቱ ከሻዩ ጋር ነጭና ቢጫ አቀርብለት ጀመር። እሱ ደግሞ መንገድ ላይ ላለመቆም ብሎ ውሃ አይጠጣም፤ በዚያ ሙቀት ጄሪካኑን ሞልቶ ወጥቶ እንደሞላ ይመልሰዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ ፊቱ ክብ ሆነ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ሉካንዳ ቤት ሥጋውን በር ላይ እንደሚሰቅል፣ እኔም ባሌን በር ላይ ባለው ጠረጴዛ አስቀመጥኩት። ገበያዬም ደራ።

ደግነቴ ቤት ውስጥ መች ተወሰነና! ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ከሲታ ናት፤ ጀርባዋንም ያማታል። ነጩንና ቢጫውን በምግብ ቤቴ ሮዝ የትዕዛዝ ወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት። ሲያልቅባት እጨምርላታለሁ። በሞያሌ ሁለተኛዋ ዳክታሪ ሆኜ አረፍኩት፣ ያውም ያለ ጋውን።

አንድ ጠዋት የባለቤቴ ጫማ አልገባ አለው። ቁርጭምጭሚቱን በጣቴ ብጫነው ጎድጉዶ ቀረ። «ሽንትም ከቀነሰብኝ ቆየ» አለኝና አስመለሰው። ቦዳ ቦዳ ሞተር ላይ አፈናጥጬ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ሐኪሟ ሄሉ ያደገች የእኛው ልጅ ናት። ደሙ ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ኩላሊቱ ክፉኛ እንደተጎዳ ነገረችን። ይዤ የሄድኩትን ኪኒኖች መዳፏ ላይ ገልብጣ አየች። «እማማ፣ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር አለ፤ ሰውነት ራሱ ይሠራዋል» አለችኝ። «ጉልበትሽ ላይ ሲበዛ ያሳብጣል፣ ያማል። ኩላሊት ውስጥ ግን የደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዘው እሱ ነው፤ በተለይ ሰውነት ውሃ ሲያጣ። ይሄ ነጩ ስቴሮይድ ነው፤ የኩላሊት ሕዋሶች ፕሮስታግላንዲን የሚሠሩበትን ጥሬ ዕቃ ያስቀርባቸዋል። ቢጫው ማስታገሻ ደግሞ መሥሪያውን ይዘጋል። ኪኒን ይሄ ጉልበት ነው፣ ይሄ ኩላሊት ነው ብሎ አይለይም።»

ያንድ ቤት ቧንቧ አፈሰሰ ተብሎ የሰፈሩ ውሃ ተዘጋ ማለት ነው። «እና ጉንጩ?» አልኳት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአፌ መውጣቱ! «እብጠት ነው እንጂ ውፍረት አይደለም» አለችኝ። ቢጫውን ዛሬውኑ፣ ነጩን ግን በእሷ ትእዛዝ ቀስ በቀስ እንድንተው ነገረችን፤ ስቴሮይድ በአንዴ ሲቋረጥም ይጥላል አሉ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች «ለሌላ ሰው ሰጥተሻል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ኧረ ለማንም!» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው! ልብስ ሰፊዋን ረስቻት አይደለም፤ ሰው እንዳይስቅብኝ ፈርቼ ነው። ኋላ እነግራታለሁ እያልኩ ሰነበትኩ።

ባለቤቴ ተረፈ። ኩላሊቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ እስከ ዛሬ ክትትል ላይ ነው። እብጠቱ ሲወርድ ጉንጩም አብሮ ወረደና ለቅሶ የመጣ ይመስል ሰው ቤታችንን ሞላው። ሲያብጥ እንኳን ደስ ያላችሁ ያለ ሁሉ፣ ሲሻለው «ፖሌ፣ ፖሌ፣ አይዞህ» እያለ ጁስ ይዞ መጣ። በሳቅ ልፈነዳ ምንም አልቀረኝ።

መጨረሻ ላይ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ባለቤቴን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ። ጎትታ ጓዳ አስገባችኝና ከጡት መያዣዋ ውስጥ የተጠቀለለ ሮዝ ወረቀት አወጣች።

«የሰጠሽኝን አልጨረስኩትም» አለችኝ በሹክሹክታ። «እኔ እንደሆነ ተስማምቶኛል፤ ይኸው ፊቴ። አሁን እሱ ይብሰኛል፣ ስጪው።»

ፊቷ እንደ ዳቦ ነፍቷል። ወረቀቱን ከእጇ ነጠቅኩና «የሰጠሁሽ መርዝ ነው፤ አውቄ ዝም አልኩሽ። ጫማሽን አድርጊ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አልኳት።

ቁልቁል እግሯን አየች።

«ጫማማ እንቢ ካለኝ ሳምንቴ» አለችኝ፣ እየሳቀች።