ለበሬው የላክሁት መድኃኒት

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአየር ጤና የሆሳዕናን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ታናሽ እህቴ ምሕረት ሆሳዕና ሆስፒታል ከገባች ስድስተኛ ቀኗ ነው፤ እዚያ የጠፋውን መድኃኒት በላስቲክ ጠቅልዬ ታቅፌዋለሁ። የእንስሳት መድኃኒት ነጋዴ ሆኜ፣ የሰው መድኃኒት ፍለጋ አዲስ አበባን ሁለት ቀን ዞርኳት።

ቡታጅራ ለቁርስ ቆምን። ፍርፍር አዘዝኩ፣ ሁለት ጉርሻ በልቼ ወደ መኪናው ተመለስኩ። ከወራቤ በኋላ እንሰቱ መንገዱን ግራና ቀኝ ያዘው። ፎንቆ የገበያ ቀን ነበር፤ ከብትና ጋሪ መንገዱን ዘግተው ሃያ ደቂቃ ተገተርን። አጠገቤ የነበሩ እናት አንዱን ሰንጋ አይተው «ሲያምር!» አሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

ሆሳዕና፣ ስድስት ሰዓት

የምሕረት ባል ሎዳሞ የሆስፒታሉ በር ላይ ተቀበለኝ። ክፍሏ ስንገባ ምሕረት ተኝታለች፣ ዓይኗ ጎድጉዷል። «መጣህ፣ ወንድም ጋሼ?» አለችኝ። እንባዬን መመለስ አቃተኝ።

ሐኪሟ መድኃኒቱን ለነርሷ ሰጥታ ኮሪደር ላይ አወጣችን።

«ጀርሙ ደሟ ውስጥ ገብቷል። የሰጠናትን መድኃኒት ሁሉ የተላመደ ነው። ለመስቀል ጥሬ ሥጋ በልታለች?»

«ማን ያልበላ አለ?» አለ ሎዳሞ። ከጎረቤት ጋር ቆጥቦ የገዛውንና ቤቱ ያደለበውን በሬ ነው ያረዱት፤ ያለ ክትፎና ቆጮ ደግሞ ምን መስቀል አለ!

«በሬው መድኃኒት ይሰጠው ነበር?»

«እንዴታ! እንዳይታመምብን በየሳምንቱ እወጋው ነበር። ጋሼ ነው የሚልክልኝ።» በኩራት ነው የተናገረው።

ሐኪሟ ዞራ አየችኝ። «ከዚያ በሬ ነው ብዬ አልምልም። ግን ጀርም መድኃኒት የሚላመደው እንዲህ ነው፤ ከብቱ ውስጥ ይለምደዋል፣ በጥሬ ሥጋ ወደ ሰው ይገባል።»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! እኔ እኮ አውቃለሁ። ያለ ሐኪም እንዳይሰጥ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል። ሎዳሞ ደስ ይበለው ብዬ ዝም ብዬ ላክሁ።

ሌሞ

ያመጣሁትም መድኃኒት አላዳናት፤ በሦስተኛው ቀን ምሕረት አረፈች። ሌሞ ገጠር፣ ቤታቸው አጠገብ ቀበርናት።

ስመለስ ሎዳሞ ዓይኑ አብጦ እስከ ጋሪው ሸኘኝ። ጓሮ የታሰረ ወይፈን ሲያስል ተሰማ።

«ጋሼ፣ ለከርሞ መስቀል የምናርደው ነው። ያንን መድኃኒት ትልክልኛለህ አይደል?»

«ዶክተሯ ያለችውን አልሰማህም እንዴ?»

«ሰማሁ። ታዲያ ይኼ ቢሞትብኝ የሰፈሩን ሰው ምን ልበለው?»

ጋሪው ላይ ወጣሁ። ጋሪው ተነሣ።

አዲስ አበባ

መንገዱን ሙሉ ሱቁን እዘጋለሁ ስል መጣሁ። በነጋታው ከፈትኩት። የመጀመሪያው ደንበኛ ያንኑ ብልቃጥ ጠየቀኝ።

«ሐኪም አዞልሃል?»

«ለበሬ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ይህ ጉዞ ያሳወቀኝ ራሴን ነው። እኔ እምቢ ብል ከጎኔ ያለው ሱቅ ይሸጥለታል ብዬ፣ ሸጥኩለት።